«ተቀበል» ያለው ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት ልታገባ ጥቂት ቀን የቀራትን የእህቴን ልጅ ይዤ ንፋስ መውጫ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት ወዳለው የውበት ሳሎን ሄድኩ። እሷ ጥፍሯን እስክትቀባ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የሳሎኗ ልጅ የቀለሟን ጠርሙስ ስትከፍት ያ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ቁጭ አለ። ለሌላ ሰው የጥፍር ቀለም የሙሽራና የበዓል ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የተበጠሰ ካሴት ሽታ ነው። ባለቤቴ ዳምጤ ካሴት በተበጠሰ ቁጥር ሁለቱን ጫፎች በምላጭ አስተካክሎ፣ አንዱን በሌላው ላይ አስተኝቶ፣ በእኔ የጥፍር ቀለም ያጣብቃቸው ነበር፤ ከዚያ እፍ፣ እፍ፣ እፍ። ጠርሙሱን የገዛሁት ለሠርጌ ነው። ከሠርጌ በኋላ ግን አንድ ጠብታ እንኳ ጥፍሬ ላይ አላረፈም፤ አንደኛ፣ አስተምርባት በነበረችው ትንሽ ከተማ፣ ወገዳ ላይ ጥፍሯን ቀብታ ሰሌዳ ፊት የምትቆም አስተማሪ ምን እንደምትባል አውቅ ነበር፤ ሁለተኛ፣ ዳምጤ ቀለሙን ጨርሶታል። የተጣበቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ዘፋኙ አንዴ ስቅ ይለዋል። ስቅታውን ከመልመዳችን የተነሣ ያንኑ ዘፈን በሬዲዮ ስንሰማው የሆነ ነገር የጎደለበት ይመስለን ነበር።

የሳሎኗ ልጅ ስልኳን መስተዋቱ ሥር አቁማ ዘፈን ከፍታለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይመጣል፤ ካሴት ገልብጪ የለ፣ በእስክርቢቶ አጠንጥኚ የለ። «ይኼ ሁሉ ዘፈን የማን ነው?» አልኳት። «የስልኬ ነዋ፣ እትዬ» አለችኝ፣ እንደ ቂል እያየችኝ። ዘፈን የማን ነው የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ባሌን ሽማግሌ ፊት እንዳስቆመው፣ እኔንም ያላልኩትን አልኩ እንዳሰኘኝ ይህች ልጅ ከየት ታውቃለች!

ዳምጤ ወገዳ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ዘመኑ መቼ ነው ብላችሁ ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ የቴትሮን ሱሪ የሽማግሌ ልብስ መሆን የጀመረበት፣ ሴቱ ሁሉ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ጃኬት ለብሶ የሚሄድበት፣ የላስቲክ ጫማ በየገበያው እንደ ድንች ተከምሮ የሚሸጥበት ጊዜ። ወገዳ መብራት አልነበራትም። የዳምጤ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ዳንቴል የለበሰ ቴፕ ነበር፤ በአራት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ። ድንጋዩ ሲደክም ሴት ዘፋኟ ቀስ በቀስ ድምፅዋ እየወፈረ ወንድ ትሆናለች። ያኔ ዳምጤ ድንጋዮቹን አውጥቶ የሱቁ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል፤ ሲመልሳቸው ዘፋኟ ለአንድ ሁለት ዘፈን ያህል ሴትነቷ ይመለስላታል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪውን ረስቶ ካሴቱ እስኪያልቅ ይቀመጥ ነበር። ያኔ እኔ ለወገዳ ትምህርት ቤት አዲስ የተመደብኩ አስተማሪ ነበርኩ፤ እኔም ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ እዚያው ቀረሁ።

ኦሪጅናል ካሴት አሥራ ሁለት ብር ነበር፤ ቅጂው አምስት። ቅጂ የሚባለው ደግሞ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው፤ ንፋስ መውጫ ካለው ከስንታየሁ ሙዚቃ ቤት። ስንታየሁ ጠይም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ መቀስ ደረት ኪሱ ውስጥ የሚሰካ ሰው ነው። ባለ ሁለት አፍ ቴፕ ነበረው፤ በአንዱ አፍ ኦሪጅናሉን፣ በሌላው ባዶውን ይከታል፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናል፣ አለቀ። የቅጂ መብት የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ሰምተን አናውቅም። ስንታየሁ ግን የራሱን ቅጂ ሌላ ሰው እንዳይቀዳበት አጥብቆ ይጠነቀቅ ነበር፤ ዘፈኑ መሐል ላይ፣ ልክ ሆድ የሚያባባው ቦታ ሲደርስ፣ «ስንታየሁ ነኝ ከንፋስ መውጫ!» ብሎ በማይክ ይጮኽበታል። በስንታየሁ ጩኸት ያልተቋረጠ የፍቅር ዘፈን በጋይንት አልነበረም።

ሠርጋችን በጥር ነበር፤ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ካለው አባቴ ቤት። የእኔ ወገን ብዙ ነው፤ አጎት ብቻ የዳሱን ግማሽ ይሞላል። ዳምጤ ይዟቸው የመጣው ግን አንድ መኪና እንኳ የማይሞሉ ጥቂት ጓደኞች ነበሩ፤ ዋናው ሚዜው ፈጠነ የሚባል የወገዳ እህል ነጋዴ ነበር። ዳምጤ የለበሰው ካፖርት አገር ያየው ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ። የእሱ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ሆኖ የራሱ ካፖርት አልነበረውም፤ ጎረቤቱ ጋሼ ፈንታ ናቸው ያዋሱት። ጋሼ ፈንታም ካፖርቱን ካዋሱ በኋላ «እኔስ ምን ለብሼ?» ብለው ሠርጉን ቀሩ። እኔ በዓይነ ርግብ ተሸፍኜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እናቴ እንዳዘዘችኝ እንደ ሐውልት ተቀምጫለሁ። ዓይነ ርግቡን አልፎ የሚታየኝ የካፖርቱ ቁልፍ ብቻ ነበር።

አዝማሪው ይርጋ ከእስቴ የመጣ ነው። ማሲንቆውን ሲይዘው ገና ሳይመታው ሰው መሳቅ ይጀምራል። የአገራችንን ወግ የምታውቁት ነው፤ አዝማሪ ዜማውን ይዞ ይዞራል፣ ግጥም የመጣለት ሰው ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ያቀብለዋል፣ አዝማሪው ያችኑ ተቀብሎ ያዜማታል፣ ሰጪው ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። አጎቶቼ በየተራ ተነሡ። አንዱ ወንድሙን አስወደሰ፣ ወንድሙም መልሶ እሱን። ትልቁ አጎቴ በቅሎውን ሳይቀር አስወደሰ። ስንታየሁ ጠረጴዛው ሥር ቴፑን ደብቆ ሁሉንም ይቀዳል። ይርጋ ሊጨርስ ሲል፣ ፈጠነ ከኋላችን ቆሞ አንገቱን በእኔና በዳምጤ መካከል እንዳስገባ፣ ጆሮዬ እስኪጮኽ ድረስ «ተቀበል!» አለ። እንዲህም አለ፦

«የወገዳው ዳምጤ ካፖርቱን ደርቦ፣
ገበያው ያየዋል ዙሪያውን ከብቦ።»

ይርጋ ይችን ተቀብሎ አንዴ አዜማት፣ ደገማት፣ ጣማት መሰል ሦስተኛም አላት። ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። በዓይነ ርግቡ ሥር ልቤ በኩራት አበጠ።

ስንታየሁ ያንን ካሴት ቀድቶ አልጠግብ አለ። አይሱዙ ነጂዎች ይዘውት እስከ ደብረ ታቦር ሄዱ፤ እስቴ ጠጅ ቤቶች ገባ፤ ስማዳ ውስጥ ሳይሰማው የቀረ ያለ አይመስለኝም። ሰው የአጎቶቼን ውዳሴ አላስታወሰም፤ በቅሎዋም ተረሳች። የዳምጤ ሁለት ስንኝ ግን በየሰው አፍ ገባች። የማናውቀው ሰው ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «የወገዳው ዳምጤ አንተ ነህ?» ይላል። ዳምጤ ያኔ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፤ የመርፌውን ቀዳዳ እያየ «ኧረ ተዉ እባካችሁ፤ አዝማሪ የማይለው የለ» ይላል። እኔ በዚህ ትሕትናው እንዴት እንደምኮራ! ሌላው ባል ቢሆን ጣራ ነክቶ ነበር እል ነበር። ሰው «የዳምጤን ዓይነት ካፖርት ስፋልኝ» እያለ ሲመጣበትም እንዲያው አንገቱን እንደደፋ ይለካል። ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር የሚቆጡት ጋሼ ፈንታ ብቻ ናቸው። «ገበያው ያየው ካፖርቴን እኮ ነው!» ይላሉ፤ ማንም አይሰማቸውም።

ከዚያ ዘመኑ ሮጠ። ካሴት ቀረ፤ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ሲዲ መጣ፣ እሱም ሳንለምደው ሄደ። ስልክ መጣ፤ ስልክ ውስጥ የምትገባ፣ የጥፍሬን ግማሽ የማታህል ሚሞሪ መጣች። ስንታየሁ የበሩን ጽሑፍ አስጠፍቶ «ሙዚቃ እንጭናለን» አስባለው፤ መቀሱን ግን ከኪሱ አላወጣም። የሠርጋችንን ካሴት ከነስቅታው፣ ከነጩኸቱ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ዳምጤ በየገበሬው ደረት ኪስ ውስጥ መጮኽ ጀመረ። አንድ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ዘይቤ ሳስተምር ከኋላ ወንበር የአንዱ ስልክ ጠራ፤ «የወገዳው ዳምጤ ካፖርቱን ደርቦ!» ብሎ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። የገዛ ባሌ ስም የሚጮኽበትን ስልክ ነጠቅኩ ብል ማን ያምነኛል? ነጥቄ ግን እስከ ዓርብ አቆየሁት።

አንድ ቀን ስንታየሁ ራሱ ወገዳ ድረስ መጣ። ለወትሮው የማይመጣ ሰው ስለሆነ የሞተ አለ ብዬ ደነገጥኩ። «ይርጋ ባሕር ዳር ስቱዲዮ ተጠራ» አለ። «ያንኑ ዘፈን በደንብ አድርገው ሊቀርጹት፣ በስሙ ሊያስመዘግቡት ነው። ወጪውን የቻለው አንድ ባለሀብት ነው። ታዲያ ምን አለ መሰላችሁ? የወገዳው ዳምጤ የሚለው ወጥቶ የእሱ ስም ይግባ አለ።» ዳምጤ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየነዳ ነበር፤ እግሩ ቆመ። የሚሰፋው የሰው ሱሪ ነበር፤ በኋላ ስናየው አንዱን እግር ከላይ እስከ ታች ዘግቶ ሰፍቶታል።

ያን ሰሞን ሰው አልሆነም። ምግብ ይቀርባል፣ አንድ ጉርሻ ይልና ይተወዋል። «ተወው እንግዲህ፣ ዘፈን አይደለም እንዴ» ስለው እንባ ባቀረረ ዓይን ያየኛል። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፤ ስሜን እኮ ነው የሚያወጡት። ከዚያ በኋላ እኔ የት ነው ያለሁት?» አለኝ። ልጅ አልወለድንም፤ ስሙን የምታስጠራለት ያቺው ዘፈን ነበረች። በማግስቱ አብረን ለመክሰስ ንፋስ መውጫ ወጣን።

ክስ ማለቴ እንኳ ትልቅ ቃል ነው። የባህል ጉዳይ የሚከታተል አንድ ወጣት ባለሙያ ነበር፤ ስለ ቅጂ መብት ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ፣ አዋጁን ለሰው ለማስረዳት የጓጓ ልጅ። «ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በሽማግሌ እንየው» አለና ሁላችንን አንድ አዳራሽ ሰበሰበን። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት ከጋይንቷ ቤተ ልሔም የመጡ አንድ የድጓ መምህር፣ መሪጌታ ነበሩ። ይርጋ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስተኝቷታል። ስንታየሁ መጣ። ጋሼ ፈንታም ማንም ሳይጠራቸው በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ።

«መጀመሪያ ዜማው የማን ነው?» አለ ባለሙያው።

«የአባቴ ነው፤ አባቴም ካባቱ ነው የያዘው፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለ ይርጋ።

ስንታየሁ ብድግ አለ። «የቀዳሁት እኔ ነኝ! እኔ ባልቀዳው ይኼን ዘፈን ማን ያውቀው ነበር? ድምፄም አለበት!»

«ወንድሜ» አለ ባለሙያው በትሕትና፣ «አንተ በዚህ ጉዳይ ዝም ብትል ነው የሚሻልህ። አዋጁን ሳነበው ከተከሳሽ ወገን ነህ።»

ስንታየሁ መቀሱን እየነካካ ተቀመጠ። መሪጌታ ግን አላስቻላቸውም። «ቆይ እስቲ ልጄ፣ መገልበጥ ነው ጥፋቱ? በእኛ ጉባኤ ድጓውን በገዛ እጁ ያልገለበጠ ተማሪ ተማሪ አይባልም። መገልበጥ ካሳሰረ ቤተ ልሔምን በሙሉ እሰሩና!» አሉ። ሰው ሳቀ። «ብቻ» አሉ ጣታቸውን አንሥተው፣ «የገለበጠ ሰው ከማን እንደ ያዘው ይናገራል። ያልተናገረ እንደሆነ ያ ሌባ ነው።»

«አዋጁም የሚለው ይኼንኑ ነው፣ አባታችን» አለ ልጁ፣ ደስ ብሎት።

ጋሼ ፈንታ ተነሡ። «እኔ የምለው አጭር ነው። ግጥሙ ላይ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ካፖርት ነው። ካፖርቱ ይኸው።» ዞር ዞር ብለው አሳዩና ተቀመጡ።

ባለሙያው ላቡን ጠረገ። «አሁን ዋናው ነገር ግጥሙ ነው። የግጥሙ ደራሲ በሕይወት ካለና አትንኩብኝ ካለ፣ ባለሀብቱም ሆነ ስቱዲዮው አንዲት ቃል መለወጥ አይችሉም። ደራሲው ከሌለ ግን ይርጋ እንደፈለገ ይለውጠዋል። ስለዚህ ግጥሙን የደረሰው ማን ነው?»

ይህን ሲል ዳምጤ ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። ለምን እንደ ጠቆረ አልገባኝም ነበር።

«እኔ አልደረስኩትም» አለ ይርጋ። «ተቀበል ተብዬ የተቀበልኩት ነው። ያለኝ ሚዜው ነው።»

«ሚዜው የት አለ?»

«ፈጠነማ ነፍሱን ይማረውና አርፏል» አልኩ እኔ።

«እሱም ቢሆን ከራሱ አላለውም» አለ ይርጋ፣ ቀስ ብሎ። «እኔ ፊት ለፊት ነበርኩ። ሰው በጆሮው ሲያቀብለው አይቻለሁ። አንገቱን በሙሽራውና በሙሽሪት መካከል አስገብቶ ነበር።»

የሁሉም ዓይን መጥቶ እኛ ላይ አረፈ፤ መጀመሪያ ዳምጤ ላይ፣ ቀጥሎ እኔ ላይ፣ ተመልሶ ዳምጤ ላይ። እኔ አለማለቴን አውቃለሁ። ወደ ዳምጤ ዞርኩ። ዓይኑን ሰበር አድርጎ የገዛ ጫማውን ያያል፤ ያን ሁሉ ዓመት ሱቁ በር ላይ እንግዳ ሲመጣ የሚያደርጋትን ያችኑ። ትሕትና ነው እያልኩ የኮራሁባት ነገር ምን እንደሆነች ያኔ ገባኝ። ይህ ሰው በገዛ ሠርጉ የገዛ ውዳሴውን ገጥሞ፣ በሰው አፍ አስብሎ፣ ሦስት ወረዳ ሙሉ ሲዘፍንለት «ኧረ ተዉ እባካችሁ» ሲል ኖሯል! ቆሽቴ አረረ። ሳቄም መጣ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚይዙ ያላገባ ሰው አይገባውም።

ምርጫውም ገባኝ። «እኔ ነኝ» ካለ ስሙ ይድናል፤ ግን ራሱን በራሱ ያወደሰ ሰው ሆኖ ከጋይንት እስከ እስቴ መሳቂያ ይሆናል፤ ገበያ ላይ ቁጭ ብሎ መስፋትም ይቀርበታል። ዝም ካለ ስሙ ይወጣል። አንገቱን ቀና ሲያደርግ አየሁት። ሊናገር ነው፤ ሊያዋርዱት ነው። ከወንበሬ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። «ማን? ሙሽራዪቱ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«በዓይነ ርግብ ውስጥ ሆነሽ?»

«በዓይነ ርግብ ውስጥ ሆኜ።»

«ሙሽራ በገዛ ሠርጓ ባሏን እየገጠመች አስወደሰች!» አሉ። «እኔ የበላሁት ሠርግ ስንት ነው፤ እንዲህ ያለ ጉድ ግን ሰምቼም አላውቅ።» ከኋላ አንዲት ሴት ስሜን ጠርታ «እሰይ አስረበብ!» ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋ ደግሞ «ዓይን አውጣ» አለችኝ። ባለሙያው ይርጋን «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ይርጋ አየኝ። ከእሱ ሁለት ክንድ የማይርቅ ቦታ ነበር የተቀመጥኩት፤ ከንፈሬ አለመንቀሳቀሱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈገግ አለ። «አሁን አስታወስኩ፤ እሷ ናት» አለ። እኔም የግጥም ደራሲ ተብዬ ፈረምኩ፤ «ከወገዳው ዳምጤ አንዲት ፊደል እንዳትነካ» አልኩ። እናቴ ይህን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ አኮረፈችኝ። እስክትሞት ድረስም እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእኔ ልጅ እኮ በሠርጓ ቀን ዘፈን ትደርስ ነበር» እያለች ታሳጣኝ ነበር።

ወደ ወገዳ ስንመለስ የተሳፈርንበት መኪና ያንን ጠጠር መንገድ እየዘለለ ይሄዳል። እኔ አውቄ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ይበለው ብዬ። ኋላ ዳምጤ አንገቱን ሳያቀና ጀመረ።

«አጎቶችሽ አንድ በአንድ ተነሡ» አለኝ። «ለሁሉም ተዘፈነ። ለበቅሎዋ እንኳ ተዘፈነላት። ከእኔ ወገን የሚነሣ የለም። አባቴ ቢኖር ተነሥቶ ተቀበል ይል ነበር፤ እናቴም እልል ትል ነበር። አጎት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ይርጋ ማሲንቆውን ሊሰቅል ሲል አየሁት። በገዛ ሠርጌ ስሜ ሳይጠራ ሊመሽ ነው አልኩ። ከዚያ በፈጠነ ጆሮ ሹክ አልኩ።»

በሠርጌ ቀን ከጎኔ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ብቻውን እንደነበር አላወቅኩም ነበር። እኔ የካፖርቱን ቁልፍ እያየሁ እኮራለሁ፤ እሱ ስሙን የሚጠራለት ሰው እየፈለገ ዳሱን ያያል። ከፊት የተቀመጡት ተሳፋሪዎች እንዳያዩኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። «ታዲያ ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ?» አልኩት። «አንቺ ስትኮሪብኝ ደስ ይለኝ ነበራ» አለ።

ዘፈኑ ተቀረጸ፣ በይርጋ ስም ወጣ፣ የወገዳው ዳምጤም እንዳለ ገባ። ባለሀብቱ ቅር ብሎት ለራሱ ሌላ ስንኝ አስጨመረ፤ እዚያች ቦታ ሲደርስ ሰው ሁሉ ያሳልፋታል። ዘፈኑ ግን ሱቅ ሳይደርስ ሚሞሪ ላይ ደረሰ። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው በብሉቱዝ ሲበር አዋጁም ባለሙያውም አልያዙትም። በጣም የተናደደው ማን ነው ብትሉ ስንታየሁ ነው። አንዴ ልጠይቀው ሱቁ ገብቼ ነበር፤ ስቱዲዮ ሄዶ አስፈቅዶ፣ በወጉ ተስማምቶ፣ ይጭን የነበረውን ዘፈን ማዶ ያለው ባለሱቅ ከእሱ ደንበኛ ስልክ ላይ ገልብጦታል። «ሌቦች! የሰው ልፋት!» እያለ መቀሱን ያወዛውዛል። ባለ ሁለት አፍ ቴፑን አስታውሼ ሳቄን ዋጥኩ።

ለእኔ የመጣብኝ መዘዝ ሌላ ነው። ደራሲ መሆኔ ተሰማ። ከስማዳም ከእስቴም ሠርግ ያለው ሰው «እትዬ አስረበብ፣ ለልጄ ሁለት ስንኝ» እያለ ይመጣል። እኔ ሰዋስው አስተምራለሁ እንጂ ቤት መምታት አልችልም፤ ስገጥም የመጨረሻዋ ቃል ሁልጊዜ ታምፅብኛለች። «እስቲ ላስብበት» እልና ጓዳ እገባለሁ። ዳምጤ እዚያ ሆኖ ቁልፍ እየተከለ ግጥሟን በጆሮዬ ያቀብለኛል፤ እኔ ወጥቼ እላለሁ። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን። ጡረታ ወጥቼ ንፋስ መውጫ ከገባንም በኋላ አልቀረልንም።

ነገር የተበላሸው ዩቲዩብ ሲመጣ ነው። የዘፈኑ ቪዲዮ ሥር «ግጥም፦ አስረበብ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ሥር ደግሞ ሰው ከየአገሩ አስተያየት ይሰጣል። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ለሁለታችን አነበበችልን፤ «ይህችን የገጠመች ሴት ትባረክ»፣ «እንዲህ ያለች ሚስት ማን ሰጠው»፣ «ሴቷ ሊቅ ናት»። ዳምጤ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ሲደጋገም ፈገግታው እየጠበበ ሄደ። በኋላ «አጥፊው እባክሽ» ብሏት ወጣ። ቅናት! በስድሳ ምናምን ዓመቱ! ስሙ በዘፈን ሦስት ወረዳ ሙሉ ሲጠራ የኖረ ሰው፣ አሁን ደግሞ ስሙ ከሥር ባለመጻፉ ያኮርፍ ጀመር። ብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለው ከረመ፤ ከሳሎኑ በተመለስኩበት ቀን ግን አፍ አውጥቶ ነገረኝ። «ጻፊው እንግዲህ» አለኝ። «እውነቱን ጻፊው። ዕድሜዬ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ቢስቁብኝስ ምን እሆናለሁ? ግጥሟ ግን የእኔ ናት።»

ይኸው ጻፍኩ። ግጥሟ የዳምጤ ናት፤ ለሠርግ የሰጠኋችሁም ሁሉ የእሱ ናቸው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቁጭ ባለበት አነበብኩለት። ስለ ስንታየሁ ሳቀ። ስለ ጋሼ ፈንታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስኪያስለው ሳቀ። መኪና ላይ የነገረኝ ቦታ ስደርስ ግን መነጽሩን አወለቀ።

«ይቺን አውጫት» አለኝ።

«የቷን?»

«የሚነሣልኝ ወገን አልነበረኝም ያልኩሽን። ሰው ያዝንልኛል።»

«አላወጣም።»

«የእኔ ነገር እኮ ናት!»

«ነገሯ ያንተ ናት፤ ጽሑፉ ግን የእኔ ነው። ደራሲው ካልፈቀደ አንዲት ቃል አትነካም፤ አዋጁን አብረን ሰምተናል» አልኩት።

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገና፣ «እስቲ ያችኑ ቦታ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት።